የሁለት ብርጭቆ ወተት ማስታወሻ፦ ስኳር ወደ ባክቴሪያ የሚገባበት በር

ባለፈው ስጽፍላችሁ «ባክቴሪያ ስኳር ይበላል» ብዬ በአንድ መስመር አልፌው ነበር። አራት ሳምንት ሙሉ ስመላለስ የከረምኩት እዚያችው መስመር ላይ ነው። አፍ የሌለው ፍጡር እንዴት ይበላል?

ጣጣውን ያመጣው እርጎ ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን እናቴ ቅሉን በወይራ አጥና እርጎ ታረጋለች። እኔ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የግሉኮስ ዱቄት ገዛሁና ወተት አፍልቼ፣ ለብ ሲል በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። በሁለቱም ላይ ከትናንቱ እርጎ አንዳንድ ማንኪያ ጨመርኩ፤ በአንደኛው ላይ ብቻ አንድ የሻይ ማንኪያ ግሉኮስ። ግሉኮስ ቀላል ስኳር ስለሆነ ያ ብርጭቆ ቀድሞ እንደሚረጋ አልተጠራጠርኩም። በማግስቱ ሁለቱንም ባዘነብላቸው እኩል ረግተዋል። አንሶት ይሆናል ብዬ በሌላ ቀን አምስት የሾርባ ማንኪያ ሞጀርኩበት፤ ያኛው ጭራሽ ሳይረጋ አደረ። ስኳር ሲበዛ ከባክቴሪያው ውስጥ ውሃ ይስባል፤ የደረቀ ደግሞ አይሠራም። እናቴ ብርጭቆውን አየት አድርጋ «ወተት የራሱ ስኳር አለው፤ ምን ጎደለው ብለሽ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከላም ወተት ከ100 እጅ 5 ያህሉ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው።

እልህ ይዞኝ ወደ ንባብ ገባሁ። የባክቴሪያ ሽፋን ቅባት ነው፤ ስኳር ደግሞ ውሃ ወዳድ ስለሆነ በቅባት ውስጥ እንደ ልቡ አያልፍም። መግቢያው ለዚያ ስኳር የተሠራ የፕሮቲን በር ነው። በሩ ከሌለ በማር መካከል ተቀምጦም ይራባል።

በጣም ያስደነቀኝ በር እ.ኤ.አ. በ1964 ኩንዲግ፣ ጎሽ እና ሮዝማን የተባሉ ተመራማሪዎች ኢ. ኮላይ በሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ያገኙት የፎስፎትራንስፌሬዝ ሥርዓት ነው። አንድ ፎስፌት (ፎስፎረስና ኦክስጅን ያሉበት ትንሽ ቅንጣት) ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን እጅ በእጅ ይተላለፍና መጨረሻ ላይ እየገባ ባለው ግሉኮስ ላይ ይለጠፋል። ፎስፌት የተለጠፈበት ግሉኮስ ኤሌክትሪካዊ ሙል (ቻርጅ) ስላለው በመጣበት መመለስ አይችልም። ከመግባቱም ለመፈጨት የሚያስፈልገው የመጀመሪያ እርምጃ ተጠናቋል። ሌሎች ብዙ በሮች ለማስገባት ብቻ ጉልበት ይከፍላሉ፤ ይህኛው ክፍያውን ለምግብ ዝግጅቱም ያውለዋል። እንዲህ ያለ ቁጠባ የማውቀው እናቴ ጓዳ ውስጥ ብቻ ነው።

ከዚህም የረቀቀ አለ። ኢ. ኮላይ ላክቶስን የሚያስገባው በሌላ በር ነው፤ ከውጭ የሚገባ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) ላክቶሱን አብሮ ይዞት ይገባል። ግሉኮስ በሚጎርፍበት ጊዜ ከቅብብሎሹ ፕሮቲኖች አንዱ ፎስፌቱን ቶሎ ቶሎ ስለሚያስረክብ ባዶ እጁን ይቆያል፤ ባዶ እጁን የሆነው ደግሞ ሄዶ በላክቶስ በር ላይ ይለጠፍና በሩን ያግደዋል። ግሉኮስ ሲያልቅ ፎስፌት እጁ ላይ ይቆያል፤ በሩንም ይለቃል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ያየው፣ ባክቴሪያዎች አንዱን ስኳር ጨርሰው ጥቂት ካረፉ በኋላ ሌላውን የሚጀምሩበት ነገር አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዘበኛም ጸሐፊም የለም፤ ሥራ የፈታው እጅ ራሱ ቁልፍ ሆኖ አረፈው!

ታዲያ የእኔ ብርጭቆ ለምን አልፈጠነም? ኢ. ኮላይን ለእርጎ ማሰቤ ነበር ስህተቴ። ወተት ከሚያረጉት አንዱ የሆነው ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ ከግሉኮስ ይልቅ ላክቶስ ይስማማዋል። በሩም ልውውጥ ይወዳል፦ ላክቶስ ያስገባና ውስጥ ግሉኮስና ጋላክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ቀላል ስኳሮች ከከፈለው በኋላ ግሉኮሱን አስቀርቶ ጋላክቶሱን በዚያው በር ያስወጣል። የጋላክቶሱ መውጣት ቀጣዩን ላክቶስ ይስባል። ከዘጌ እንጨት ጭና መጥታ ባሕር ዳር ያራገፈች ታንኳ ለመልሱ እህል ጭና ስትሄድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሥዕል አያስፈልገውም። ሌላው ወተት አርጊ ባክቴሪያ ላክቶኮከስ ላክቲስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ላክቶስን ራሱን በዚያ በፎስፌት በር ያስገባዋል። ያው ወተት፣ ያው ስኳር፣ በሩ ግን ለየቅል።

አሁን የያዝኩት ሥራ የጨመርኩት ግሉኮስ ተበልቶ እንደሆነ መለየት ነው። የሽንት ስኳር መመርመሪያ ወረቀት ግሉኮስን እንጂ ላክቶስንም ጋላክቶስንም አይለይም፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ግሉኮስ ባልጨመርኩበት ብርጭቆ ቀለሙ አልተለወጠም። በጨመርኩበት ግን ከመርጋቱ በፊትም በኋላም ድፍን ጥቁር ቡና መሰለ። «አልነኩትም!» ብዬ ጮህኩ። የወረቀቱን ማሸጊያ ሳነብ ግን ያ ቀለም የመጨረሻው ደረጃ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በላይ ግማሹ ቢበላም አያሳይም። ቅዳሜ ከአጓቱ አንድ ማንኪያ ወስጄ በዘጠኝ ማንኪያ ውሃ አቅጥኜ እደግመዋለሁ። እናቴ ለዚህ የፈቀደችልኝ አንድ ብርጭቆ ወተት ብቻ ነው፤ ለሁለት እከፍለዋለሁ።