ቢጫ የጠፋብን ዓመት

ዛሬ ማታ ቤት ስገባ እጄን ሦስቴ ታጥቤ ጥፍሬ ስር የገባው ቀይ አፈር አልለቅ አለኝ፣ እናቴ አይታ "ደሞ ዛሬ የት ስትቆፍሪ ዋልሽ?" አለችኝ፣ ስዕል ሳስተምር ነው ስላት ዝም ብላ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች፣ ልጣጩን ግን አልጣለችውም፣ ከመስከረም ጀምሮ በወረቀት ከረጢት እያጠራቀመች ታስይዘኛለች። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፣ አዲስ አበባ፣ ወደ ቀበና ከሚወርዱት ትንንሽ ወንዞች አንዱ አጠገብ ያለ የመንግስት ትምህርት ቤት ነው። ክፍሌ ውስጥ 54 ልጆች አሉ። የክወናና የእይታ ጥበባትንም አካባቢ ሳይንስንም የማስተምረው እኔው ነኝ፣ መጽሐፎቹ ግን ለየብቻ ናቸው፣ ሰኞ ስለ አፈር እናወራለን፣ ሐሙስ ስለ ቀለም እናወራለን፣ እነዚ ሁለቱ አንድ ላይ መሄድ እንደሚችሉ እስኪገባኝ ድረስ ዓመታት አስተምሬያለሁ።

መስከረም ላይ ገና በመጀመሪያው ሳምንት "የምትኖሩበትን ሰፈር ሳሉ" አልኳቸው። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ማታ ሳያቸው ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ናቸው፣ ሁለት ሹል ተራራ፣ በመሃላቸው የምትወጣ ፀሐይ፣ ባለ ጭስ ማውጫ ቤት፣ አጠገቡ የፈረንጅ ገና ዛፍ የሚመስል ዛፍ። እኛ ሰፈር ጭስ ማውጫ ያለው ቤት የለም። ተራራም ከሳላችሁ እንጦጦ ነው ያለው፣ እሱ ደሞ ሹል አይደለም። እኔም ልጅ ሆኜ ይሄንኑ ስዕል ነበር የምስለው፣ ከታላቅ እህቴ ደብተር ገልብጬ፣ እሷም ከሌላ ሰው ገልብጣ። ማንም መስኮቱን ከፍቶ አላየም።

አንድ ልጅ ብቻ ወረቀቱን ከዳር እስከዳር በእርሳስ አጥቁሮት መጣ። ምንድነው ስለው "ወንዙ" አለኝ። ወንዝ እኮ በሰማያዊ ነው የሚሳለው ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ቀድሞኝ "ቲቸር የኛ ወንዝ ሰማያዊ አይደለም እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው። በክፍላችን መስኮት በኩል በበጋ ሽታው ይገባል፣ በክረምት ፌስታልና ሃይላንድ ይዞ ይወርዳል፣ ድልድዩ ስር ሲደርስ ይዘጋውና ውሃው መንገድ ላይ ይወጣል። ያንን ወረቀት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ዓመቱን በሙሉ ያሰራኝ እሱ ነው።

ይሄንን ከማለቴ በፊት አምና የሰራሁትን ስህተት መጻፍ አለብኝ። አምና ለወላጆች ቀን ኤግዚቢሽን "ከቆሻሻ ጥበብ እንስራ" ብዬ ልጆቹን ሃይላንድ አምጡ አልኳቸው፣ አበባ ማስቀመጫ ምናምን ልንሰራ። በማግስቱ የመጣው ጠርሙስ ግማሹ ንጹህ፣ አንዳንዱ ስቲከሩ እንኳን ያልተላጠ፣ አንዷ እናት ደሞ መንገድ ላይ አግኝታኝ "ቲቸር አንቺ ስላልሽ ገዝተን ውሃውን ጠጥተን ነው የላክነው" አለችኝ። ለዛ ቤተሰብ የአንድ ውሃ ብር ብር ነው። ጠርሙሱ እቤት ቢኖርም ለቆራሌው ይሸጥ ነበር፣ ማለትም ያለኔ እርዳታ ወደሚሄድበት ይሄድ ነበር። እኔ ግን አስገዝቼ፣ አስቆርጬ፣ ሙጫና ብልጭልጭ አስለጥፌበት ቆራሌውም የማይወስደው ነገር አደረግኩት፣ ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ሁሉም ገንዳ ውስጥ ገባ። ጠዋት ስገባ ገንዳው ላይ ተከምሮ ሳየው በጣም አዘንኩ። ለልጆቹ ያስተማርኳቸው ቆሻሻን ማስጌጥ ነው፣ መቀነስ አይደለም።

በዛው ሰሞን አንዱ "ቲቸር ገንዳው ሲሞላ የት ነው የሚወስዱት?" ብሎ ጠየቀኝ። ቆሼ ነው፣ ረጲ። መጋቢት 2009 ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 ሰው በላይ የሞተበት ቦታ ነው፣ ልጆችም ነበሩበት። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሄን እንዴት እንደምነግረው አላወቅኩም፣ ከከተማው ወደ አንድ ትልቅ ክምር ይወሰዳል፣ አጠገቡም ሰው ይኖራል አልኩት። "ሰው?" አለ። አዎ ሰው። ከዛ በላይ መናገር አልቻልኩም። በ2017 ፓርላማው ፌስታል የሚከለክለውን አዋጅ ሲያጸድቅ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ልጅ ነበር።

ስለዚ ዘንድሮ ምንም ነገር ላላስገዛ ወሰንኩ። ቀለም እራሱ ብርቅ ነው እኛ ጋ፣ ባለ 12 ከለር እርሳስ ያላቸው ልጆች ከአስር አይበልጡም፣ እሱም ቢሆን ቢጫው ቀድሞ ያልቃል፣ መስከረም ላይ ሁሉም አደይ አበባ ነዋ የሚስለው፣ ወንዶቹም ለእንቁጣጣሽ ስለው የሚያዞሩት ወረቀት ላይ ፀሐዩም አበባውም ቢጫ ነው። አንድ ሐሙስ ለአንዲት ቢጫ እርሳስ ሁለት ልጆች ተጣልተው ተላቀሱ። በቃ ቀለሙን እራሳችን እንሰራለን አልኩ፣ አካባቢን ልጠብቅ ብዬ ሳይሆን ቀለም ስለሌለን ነው የጀመርኩት።

ግቢያችን ውስጥ ለግንባታ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር፣ አፈሩ ቀይ ነው። ልጆቹ በጣሳ አመጡት፣ አደረቅነው፣ ፈጨነው፣ በድሮ ነጠላ ነፋነው፣ ከዛ ውሃ ጨምረን አማስለን አሸዋው እስኪዘቅጥ ትንሽ ጠብቀን ከላይ ያለውን ድፍርስ ወደ ሌላ ጣሳ እየገለበጥን፣ ያ ድፍርስ ሁለት ቀን ሲያድር ከስሩ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ጭቃ ይተዋል። እሱን በዱቄት ሙጫ መለወስ ነው። አንዱ ከአቃቂ በኩል የሚመላለስ ልጅ ደሞ የነሱን ዋልካ አመጣ፣ ጥቁር። ሁለቱን ጣሳ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሰኞ የአፈር አይነቶችን ሳስተምር መጽሐፉን መክፈት አላስፈለገኝም፣ ቀዩ ለምን ቀይ እንደሆነ፣ ብረት እንዳለበት፣ ልክ እንደ ቆርቆሮ ዝገት መሆኑን ስነግራቸው አንዷ ተነስታ ሄዳ የመስኮቱን ብረት በጣቷ ፈትጋ ወረቀቷ ላይ ቀባችውና አመሳከረች።

ለጥቁሩ ጥላሸትም ሞክረናል። የአንዱ ልጅ አያት መሪጌታ ናቸው፣ ከበር አልመለስኳቸውም፣ ገብተው ልጆቹን የብራና ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል እንዴት እንደሚዘጋጅ ነገሯቸው፣ ለወራት ሲቦካ ሲታሽ እንደሚቆይ። "ለወራት?" አሉ ልጆቹ፣ እሳቸው ደግሞ "ቀለም እንደ ጠላ ነው፣ ካልቆየ አይበስልም" አሏቸው። የትምህርት ቤቱን ምገባ የሚያበስሉት መጋቢ እናቶች ከኩሽና የሽንኩርት ልጣጭ ይሰጡናል፣ ቀቅለነው ቡኒ ወደ ወርቅማ የሚያደላ ውሃ ይወጣዋል። የጎመን ቅጠልም አረንጓዴ ሰጥቶናል፣ በሳምንቱ ግን ቡኒ ይሆናል።

ቢጫ ግን አስቸገረን። የአደይ አበባን ቅጠል ወረቀት ላይ ስናሸው ደስ የሚል ቢጫ ሰጠን፣ ግን ጥቅምት ሲያልፍ አበባውም አለቀ። እርድ አመጡ፣ እሱ በጣም አማረ፣ ሁሉም በእርድ ፀሐይ ሳለ። ከዛ አንዷ እጇን በሳሙና ልትታጠብ ሄዳ እየጮኸች ተመለሰች፣ መዳፏ ደም የመሰለ ቀይ ሆኗል። እኔም ደንግጬ ነበር እውነቱን ለመናገር። እርድ ሳሙና ሲነካው እንደሚቀላ ከዛ በፊት አስተውዬው አላውቅም፣ ሎሚ ስናደርግበት መለሰልን፣ አመድ የገባበት ውሃ ስናደርግ እንደገና ቀላ። ያን ቀን ደወል ሲደወል አንድም ልጅ አልወጣም። ግን መስኮት ላይ የለጠፍናቸው የእርድ ፀሐዮች በሦስት ሳምንት ውስጥ ገርጥተው ገርጥተው ነጭ ወረቀት ሆኑ። አንድ ልጅ የሱ ፀሐይ ስትጠፋ በጣም ከፋው፣ የአፈሩ ቀይ ግን እንዳለ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልጽፈው የፈለግኩት የችግኙን ነው። ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ ተብሎ ይተከላል፣ እኛም ግቢ ሐምሌ ላይ 22 ችግኝ በአጥሩ ዳር ተተክሎ ነበር፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ግራቪሊያ። በየዓመቱ የማውቀው ነገር አለ፣ የተከልን ቀን ፎቶ እንነሳለን፣ ጥር ላይ እንጨቱ ብቻ ቆሞ ይገኛል። ተቆጥቶ ማስጠንቀቅም፣ ተራ አውጥቶ ውሃ ማስጠጣትም ሞክሬ ነበር፣ ተራው ከሁለት ሳምንት አያልፍም። ዘንድሮ ሌላ ምንም አላልኩም፣ ለሁለት ወይ ለሦስት ልጅ አንድ ችግኝ ደልድዬ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ወጥታችሁ እሷኑ ሳሉ አልኳቸው። ሌላ ዛፍ አይሆንም፣ ያቺኑ።

የመጀመሪያው ቀን የገና ዛፉን ሳሉ። ሁለተኛውም ቀን እንደዛው። "ቅጠሏን ቁጠሩና ሳሉ" ስላቸው ግን መቀመጥ ጀመሩ፣ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ አፍንጫቸው ቅጠሉን ሊነካ። ታህሳስ ውስጥ አንዷ መጥታ "ቲቸር የኔዋ ባለፈው አስራ አንድ ነበረች፣ አሁን ሰባት ናት" አለችኝ፣ ወረቀቷን ይዛ፣ ሁለቱን ስዕል እያሳየችኝ። ለምን ይመስልሻል አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፣ ምሳ ሰዓት ላይ እጅ መታጠቢያው ጋ በሃይላንድ የሰው እጣቢ ስትቀበል አየኋት። ሳሙና ያለበትን ሳይሆን የማጠቢያውን የመጨረሻ ውሃ መርጣ። ማንም አላዘዛትም። በሳምንቱ ስድስት ሰባት ልጅ ሆኑ፣ ከዛ በመካከላቸው ውድድር ተፈጠረ፣ አንዱ የጎረቤቱን ችግኝ ፍየል እንዳይበላት በእሾህ አጠረላት። ዛሬ ሄጄ ቆጠርኩ፣ ከ22ቱ 15ቱ አሉ። አንድ ልጅ ስንት ጊዜ ቁጭ ብሎ ያያትን ነገር ስትደርቅ እያየ ማለፍ አይችልም፣ እኔ ያመንኩት ይሄንን ነው፣ ስለ ዛፍ ጥቅም ያስጻፍኳቸው ኖት ይሄንን አላደረገልኝም።

የወይራዋ ባለቤቶች ደሞ ቅጠሏን ገልብጠው አዩ። ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ናት፣ ከስር ግን ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡኒ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ወይራ አውቃለሁ፣ እናቴ እንስራና ጋን ስታጥን ነው ያደግኩት፣ የቅጠሏን ስር ግን አይቼው አላውቅም ነበር። "ቲቸር ይሄን በምን እንቀባው?" አሉኝ። ቀይ አፈር አይሆንም፣ ልጣጩም ይጠቁራል፣ እርድ ይጠፋል። አሁንም ቢጫ የለንም።

ጥቁር ወንዝ የሳለው ልጅ የደረሰው ዝግባ ነበር፣ ከደረቁት ሰባት አንዷ ናት። ውሃ ሳያጠጣት ቀርቶ አይደለም፣ ስሯ ተሰብሮ ኖሯል መሰለኝ ስትተከል። የደረቀችዋን መሳሉን ግን አልተወም፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቅጠል የሌላት ቀጭን እንጨት በጥላሸት ስሎ ያመጣልኛል፣ ሌላ ልስጥህ ስለው እምቢ አለኝ።

ፋሲካን እናቱ አገር፣ ወሎ ሄዶ ነው የከረመው። ከእረፍት ሲመለስ ዝም ብሎ ዴስኬ ላይ የተቋጠረ ጨርቅ አስቀምጦ ቦታው ሄደ። ስፈታው አፈር ነው፣ ቢጫ፣ ጥርት ያለ ቢጫ። "አያቴ ቤት የምትለቀልቅበት ነው፣ ከገደሉ ስር ነው የምታወጣው፣ ግድግዳው ላይ ከድሮ ጀምሮ አለ፣ አይጠፋም" አለኝ። ነፋነው፣ አዘቀጥነው፣ ሁለት ቀን አደረ፣ በሙጫ ለወስነው። ከሱ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የምትሆን ለወይራዋ ሰጠን፣ የቅጠሉ ስር ልክ መጣ። የቀረችውን ጣሳ ውስጥ አድርጌ በላስቲክ አስሬያታለሁ፣ ለመስከረም ነው፣ ለአደይ አበባ። እሱ ግን ነገ ጠዋት ትንሽ ስጪኝ ብሎኛል፣ ለዝግባዋ ምን ሊያደርግላት እንደሆነ አልነገረኝም።