ጥርስ ቆጠራ ሐይቅ ላይ

ዛሬ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ የጥርስ ጤና ጥናት ሳግዝ ዋልኩ። ሥራዬ ጽሕፈት ነው። ሐኪሟ በትንሿ መስታወት የልጆቹን አፍ እያየች «የተበላ፣ የተነቀለ፣ የተሞላ» ትላለች፣ እኔ እመዘግባለሁ። «የተሞላ» የሚለው ቦታ ባዶውን ዋለ። ማን ይሙላላቸው? ሲያም ቅርንፉድ፣ ሲብስ መንቀል ነው።

የ12 ዓመት ልጆችን የምናየው ያለ ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት አገር ከአገር የሚያወዳድርበት ዕድሜ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 3.5 ቢሊዮን ሰው የአፍ በሽታ እንዳለበት ገምቷል። የገጠሩ ልጅ ካልተቆጠረ በጀት የሚጠይቅለት የለም፣ ይሄ ይገባኛል።

ግን አንዲት እናት ጉንጫቸውን ይዘው «ልጄ፣ ቆጥራችሁ ስታበቁ ትነቅሉልናላችሁ?» ሲሉኝ ምን ልበል? ለአስተባባሪው ነግሬዋለሁ፦ በሚቀጥለው ዙር የሚነቅል ባለሙያ ከነማደንዘዣው ካልመጣ እኔን አትጥሩኝ።