ስኪመር መረጣ

ለአዲሱ የባሕር ውሃ ዓሣ ገንዳዬ ስኪመር፣ ማለትም የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣ ማሽን፣ ስመርጥ ሰነበትኩ። ከሦስቱ አንዱን ጣልኩት። የወጣው የጀርመኑ ቡብል ኪንግ ነው። ሥራው ያምራል፣ ፕላስቲኩ ራሱ ያስጎመጃል፤ ግን በእሱ ዋጋ ሌላ ስኪመርና የብዙ ወር ጨው ገዝቼ ይተርፈኛል። የቀሩት የአንድ ፋብሪካ ሁለት መጠኖች ናቸው፣ ትልቁና ትንሹ። ሐሳቤ በሁለቱ መሃል ሲመላለስ ሰነበተ።

ገንዳው ብቻውን 240 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 900 ሊትር ነው። ድንጋዩና አሸዋው የሚነጥቀው ቦታ ተቀንሶ፣ ከሥር ያለው ሳምፕ (ስኪመሩ የሚቆምበት ሁለተኛ ገንዳ) ተደምሮ፣ ውሃው እዚያው አካባቢ ይመጣል። ካርቶናቸው ላይ የተጻፈውን ካመንኩ ሁለቱም ይበቁታል። ካርቶን ግን አይታመንም። አብዛኛውን ጊዜ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ጥቂት ዓሣ ላለበት ገንዳ ነው፤ ሥሩ በደቃቅ ፊደል «ዓሣ ለበዛበት» የሚለውን ስታዩ ቁጥሩ በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል።

ባለቤቴ ትናንት ማታ ከጀርባዬ ቆማ ዋጋውን አየችው።

«ይሄ ሁሉ ብር ለአረፋ?»

«ለአረፋ አይደለም፤ የዓሦቹን ቆሻሻ ለማውጣት ነው።»

«የባሰ!» ብላ ሄደች።

ብትቀመጥ ላስረዳት ነበር። ቅቤ ስታነጥር ከላይ የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ እንደምትገፈው ነው ነገሩ። ፓምፑ አየርና ውሃን አንድ ላይ እየመታ ደቃቅ አረፋ ያደርጋል። ከምግብ ትራፊና ከዓሦቹ የሚወጣው ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር፣ ፕሮቲኑም ሌላውም፣ አብዛኛው አንድ ጎኑ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጎኑ ውሃ ይሸሻል። ስለዚህ አየርና ውሃ የሚገናኙበት ቦታ፣ የአረፋው ገጽ ላይ ይለጠፋል። አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ ይዞት ይወጣል፣ አንገቱ ውስጥ እየተጠነፈፈ ከላይ ያለው ኩባያ ውስጥ ይፈሳል። ትልቁ ጥቅሙ መቅደሙ ነው፤ ባክቴሪያ አሞኒያ፣ ኋላም ናይትሬት ሳያደርገው ከውሃው ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ የባሕር ውሃ ጨው አረፋዎቹ እርስ በርስ እንዳይዋሃዱ ስለሚያደርግ ነው። ይህንኑ ማሽን የጣና ውሃ ውስጥ ብታስገቡት አረፋው እየተዋሃደ ትልልቅ ይሆንና ይፈነዳል እንጂ የረባ ነገር አያወጣም።

የዓሣ ሱቁ ሰውዬም፣ ገንዳ ያላቸው ጓደኞቼም አንድ አፍ ሆነው «ትልቁን ግዛ» ይሉኛል። ከማነስ መትረፍ ይሻላል ባዮች ናቸው። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። አረፋ ቆሞ የሚወጣው የሚይዘው ቆሻሻ ሲኖር ነው። አንገቱ ሰፊ፣ ቆሻሻው ትንሽ ከሆነ አረፋው ግማሽ መንገድ ላይ እየፈረሰ ይመለሳል፤ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ውሎ ኩባያው ባዶውን ያድራል። ጠበብ ያለ አንገት ያለችንም አረፋ ሰብስቦ ይገፋታል። እኔ ጋ ደግሞ አሁን ያለው ምንድን ነው? ከድሮው ገንዳ የመጡ ዓሦች፦ ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጥቂት ክሮሚስ፣ አንድ ፐርፕል ታንግ። ኮራሉም ገና ነው። ወደፊት ሶሃል ታንግ ላስገባ አስቤያለሁ፤ እሱ ሲመጣ ምግቡም ቆሻሻውም ይጨምራል። ቢሆንም ለሚመጣው እንግዳ ብዬ ዛሬ የማይሠራ ማሽን አላቆምም።

(ሁለቱም ታንጎች የቀይ ባሕር ልጆች ናቸው። አባቴ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት አሰብ ስለሆነ ደስ ይላቸዋል ብዬ በቪዲዮ አሳየኋቸው። ሐምራዊውን ዓሣ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «ይበላል?» አሉኝ። ዋጋውን አልነገርኳቸውም።)

በ2009 እ.ኤ.አ. የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ስኪመሮችን ጎን ለጎን ፈትነው ያወጡትን ጽሑፍም እንደገና አነበብኩት። ማሽኖቹ ሲለኩ ከውሃው ማውጣት የቻሉት ከጠቅላላው ኦርጋኒክ ካርቦን (የቆሻሻው መለኪያ ነው) ከ20 እስከ 30 በመቶ አካባቢ ነው። የቀረው አረፋ ላይ የሚለጠፍ ዓይነት ስላልሆነ ጥሩ ማሽን ስለገዛህ አይወጣልህም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ለስሙ ብቻ ሦስት እጥፍ የመክፈል ፍላጎቴ የበረደው። ውሃ መቀየሩ እንደሆነ በየትኛውም አይቀርም።

ከመጠኑ ይልቅ ያሳሰበኝ የአየሩ ነገር ነው። ስኪመር ቀንና ሌሊት የሚስበው የቤቱን አየር ነው። እኛ ቤት ደግሞ እሑድ ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ በሜሪላንድ ክረምት መስኮት የሚከፍት የለም። ያ ሁሉ ሰው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኪመሩ ውስጥ ከውሃው ጋር ይመታል። ውሃውንም ወደ አሲድነት ይስበዋል፤ ጠዋት 8.2 አካባቢ የነበረው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ማታ ወደ 7.9 ሲወርድ በድሮው ገንዳ አይቻለሁ። ዕጣኑንም አብሮ ይስበዋል፤ ዕጣን ዓሣ ላይ ምን እንደሚያደርግ በእኔ ቤት እንዲፈተን አልፈልግም። ስለዚህ የአየር መግቢያው ቱቦ የሚቀበል መሆን አለበት፤ ቱቦውን በቤዝመንቱ መስኮት በኩል ወደ ውጭ አወጣዋለሁ። ትንሹ ይቀበላል። ትልቁም ይቀበላል፣ እሱ አላለያያቸውም።

የለያያቸው ሜትር ነው። ካቢኔቱ ሥር ተንበርክኬ ከሳምፑ ወለል እስከ ጣውላው ስለካ 71 ሳንቲሜትር ወጣ። ትልቁ ቁመቱ 66 ነው፤ ይገባል። ኩባያው ግን የሚነቀለው ወደ ላይ ተስቦ ነው፣ ለዚያ ደግሞ አንድ ጋት ያህል ያስፈልጋል። 5 ሳንቲሜትር ይዤ ኩባያ ባጠብኩ ቁጥር ማሽኑን ከነውሃው ላዘነብል ነው? ያ ውሃ ደግሞ ይሸታል፤ የሸተተው ያውቀዋል። የትንሹ 56 ነው። የሚቆምበት የውሃ ጥልቀትም ተስማማኝ፤ የሳምፑ የመጀመሪያ ክፍል በመስታወት ስለተከፈለ ውሃው ሁልጊዜ 20 ሳንቲሜትር ላይ ነው፣ በትነት የሚጎድለው የመጨረሻው ክፍል ነው። የስኪመር ሥር ውሃ ከፍ ዝቅ ካለ አረፋውም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንድ ቀን ይደርቃል፣ በማግስቱ ወለል ላይ ይገነፍላል።

ፓምፑ ዲሲ (በቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ) ነው፤ ዓሦቹን ስመግብ ለተወሰነ ደቂቃ ማቆም ይቻላል። የኤሲው (በተለዋጭ ጅረት የሚሠራው) ዕድሜ ይበልጣል የሚሉ አሉ፣ ይበሉ።

ትንሹን አዘዝኩት። ሲመጣ ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ባልዲ ውስጥ አስነስቼ የፋብሪካ ቅባቱን አስለቅቀዋለሁ። ከዚያም እስኪለማመድ ድረስ፣ አረፋ ቢያመጣም ባያመጣም፣ የአረፋውን ከፍታ የሚያስተካክለውን ቫልቭ አልነካካም። ባለቤቴ ኩባያውን የማጥበው እኔ ብቻ እንደሆንኩ በጽሑፍ ፈርምልኝ ብላ ነበር፤ ፈርሜ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።