«የጊዜ መንኮራኩር»ን እስከ መጨረሻው ቅጽ ያነበብኩበት መንገድ

የሮበርት ጆርዳን «የጊዜ መንኮራኩር» 14 ቅጾች ያሉት ምናባዊ ልቦለድ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1990፣ የመጨረሻው ደግሞ በጥር 2013 ታተመ፤ በመካከሉ፣ በ2007፣ ደራሲው ዐረፈ። እኔም እንደ ብዙዎቹ አንባቢዎች ታሪኩ እጅግ በሚንቀረፈፍበት በ10ኛው ቅጽ ላይ ታክቶኝ ትቼው ነበርና የመጨረሻውን ለማንበብ የተነሣሁት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ካነበብኳቸው ተከታታይ ልቦለዶች ሁሉ ፍጻሜው ያጠገበኝ ይህ ሲሆን፣ ለዚህም የራሴ አነባበብ ድርሻ እንዳለበት ስለማምን አካሄዴን እገልጻለሁ። መጽሐፉን ገና ያላነበበ ሰው ግን ከዚህ በታች ብዙ ምስጢር እንደሚገለጥበት ይወቅ።

ከመጀመሪያው ቅጽ ተነሥቼ ሁሉንም እንደገና ላንብብ ብል 10ኛው ላይ ዳግመኛ እንደምቆም አውቅ ነበር። ስለዚህ አንድ ደብተር ይዤ የቀደሙትን ቅጾች ገረፍ ገረፍ እያደረግሁ፣ ደራሲው ለአንባቢው ያለበትን ዕዳ ብቻ መዘገብኩ፤ ማን ምን ብሎ እንደማለ፣ የትኛው ትንቢት ገና እንዳልተፈጸመ፣ የትኛው ዕቃ በማን እጅ እንደቀረ። ከጀግኖቹ በአንዱ በማት ስም ሥር «ጩቤው»፣ በተዋጊው በላን ስም ሥር «የጠፋው አገሩ ማልኪየር» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገም። ከዚህ በኋላ ከ11ኛው ቅጽ ጀምሮ ሳላቋርጥ ወደፊት ሄድኩ።

የደብተሩን ጥቅም ያየሁት በተለይ በጩቤው ነው። ማት በመጀመሪያው ቅጽ ሻዳር ሎጎዝ ከምትባለው የተረገመች የፈረሰች ከተማ አንድ ጩቤ ሰርቆ ይወጣል፤ ጩቤውም አሳብዶ ሊገድለው ጥቂት ሲቀረው በፈውስ ይድናል። በመጨረሻው ቅጽ የዚያች ከተማ ገዳይ ጉም እንደገና ሲመጣ ማት የተመታ መስሎ ወድቆ ይቆይና፣ ጉሙን ይዞ የመጣውን ፓዳን ፌይንን በዚያው ጩቤ ይወጋዋል። አንዴ ይዞት የዳነ በሽታ ዳግመኛ አልያዘውም ማለት ነው። በሁለቱ ትዕይንቶች መካከል የ23 ዓመት የኅትመት ዘመን አለ፤ ደብተሬ ባይኖር ኖሮ ግን ትዕይንቱን እንደ ተራ ግድያ አልፌው ነበር። ይህን ካልኩ ዘንድ፣ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ጀግኖቹን ሲያሳድድ የኖረ ሰው በጥቂት ገጾች ብቻ መሸኘቱ ዛሬም አይዋጥልኝም። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ቦታው ግን ጠቦታል።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅጾች እንደ አንድ መጽሐፍ ማንበብም ረድቶኛል፤ በመሠረቱም አንድ መጽሐፍ እንዲሆኑ ነበር የታሰቡት። ጆርዳን ካረፈ በኋላ ባለቤቱና አርታዒው ሃሪየት ማክዱገል፣ ብራንደን ሳንደርሰን ስለ ሟቹ የጻፈውን የመታሰቢያ ጽሑፍ አንብባ ሥራውን እንዲፈጽም መረጠችው። እርሱም ከተረከበው ማስታወሻ ብዛት የተነሣ አንዱን ቅጽ በ2009፣ በ2010 እና በ2013 በታተሙ ሦስት ቅጾች ከፈለው። ከ12ኛው ጀምሮ የዐረፍተ ነገሩ ርዝመትና የማት ቀልድ ይለወጣሉ። ቀልዱ እስኪለመድ ድረስ ይጎረብጣል፤ ሦስቱን አከታትሎ የሚያነብ ሰው ግን 14ኛው ላይ ሲደርስ ለውጡን ረስቶታል።

14ኛው ቅጽ ከ900 ገጽ በላይ ሲሆን አብዛኛው ጦርነት ነው። እዚህ ላይ ስም መዝግቦ መያዝ ብቻውን አያዋጣም። አንድ ወረቀት ለአራት ከፍዬ ለኬምሊን፣ ለታርዊን በር፣ ለካንዶርና ለሻዮል ጉል ግንባሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቦታ ሰጠሁ፤ አዛዡ ማን እንደሆነና የመጨረሻ ትእዛዙ ምን እንደነበረም ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲሞላ፣ ስመ ጥር የሆኑት አራቱ የጦር መሪዎች ሁሉ ትንንሽ ስሕተት እየሠሩ መሆናቸው ታየኝ፤ አንዱ ተጠባባቂ ጦሩን ያለጊዜው ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው ጎኑን ያጋልጣል። ጠላት በሕልማቸው ገብቶ አእምሯቸውን እያዛባ ነበርና፣ ላን በአዛዡ በአጌልማር ላይ ጥርጣሬ ሲያድርበት እኔም አብሬው ተጠራጠርኩ። ጦርነት የሚበዛበትን ቅጽ የሚያነብ ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢይዝ እመክራለሁ። ወደ 80,000 ቃላት የሚጠጋውን 37ኛውን ምዕራፍ ግን ያለ ወረቀት፣ በእረፍት ቀን፣ ስልኬን ዘግቼ ነው ያነበብኩት። አብዛኛው ውጊያ ወደ አንድ ሜዳ ስለሚጠቃለል የሚቆጠር ግንባር አልነበረም፤ ከዚያ ምዕራፍ ላይ አቋርጦ የተነሣ ሰውም የት እንደነበረ ለማግኘት ይቸገራል።

ከደብተሬ ውጭ የቀረው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ነካኝ። ቤላ የምትባል ጸጉራም ባዝራ አለች፤ በመጀመሪያው ቅጽ መጀመሪያ ላይ የዋናውን ጀግና የራንድንና የአባቱን ጋሪ እየጎተተች ትገባለች፣ ከዚያም ቅጽ በቅጽ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ትተላለፋለች። በመጨረሻው ውጊያ ስትወድቅ፣ ነገሥታት ሲሞቱ ያልቆምኩ ሰው መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሣሁ። ምንም ትንቢት ያልተነገረላት እንስሳ ስለሆነች በመዝገቤ ውስጥ አልነበረችም።

የመጨረሻዋን ትዕይንት ጆርዳን ከመሞቱ አስቀድሞ ራሱ ጽፏት ነበር። ራንድ ፒፓውን በሐሳቡ ብቻ ይለኩሳል፤ እንዴት እንደቻለ መጽሐፉ አይነግረንም። አንዳንድ አንባቢዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ስለ አስማቱ ኃይል ሕግጋት 14 ቅጽ ሙሉ ማብራሪያ ከተሰጠን በኋላ አንዲት ነገር ሳትብራራ መቅረቷ መልካም ነው። የሻንቻን ግዛት ይህ ኃይል ያላቸውን ሴቶች በባርነት ማሰሩን አለማቆሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጆርዳን የማትንና የሚስቱን፣ የዚያን ግዛት ንግሥት፣ ታሪክ በሌሎች መጻሕፍት ለመቀጠል አስቦ ነበር፤ አልተጻፉም። በደብተሬ ላይ ያ መስመር እስካሁን አልተሰረዘም፤ የራንድን ግን እስከ መጨረሻው ቃል ሰርዤዋለሁ።