«እዚህ ሰሜን አይደርስም»

ዛሬም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ውስጥ «ሃሪኬን (ከውቅያኖስ የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) የፍሎሪዳ ጣጣ ነው» ሲባል ዋለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1938 ጠዋት በደቡብ በኩል ባለው የኖርዝ ካሮላይና ጠረፍ፣ በኬፕ ሃተራስ አጠገብ ያለፈው ሃሪኬን ግን ከሰዓት በኋላ የኒውዮርኳ ሎንግ አይላንድ ገብቷል፤ ከ600 በላይ ሰው ሞተ፣ የሮድ አይላንድ ዋና ከተማ የፕሮቪደንስ መሃልም በባሕር ውሃ ተጥለቀለቀ።

የሰሜኑ ክፋት ፍጥነቱ ነው። ደቡብ ላይ የሚንቀራፈፈው ማዕበል እዚህ ሲደርስ የላይኛው የአየር ጅረት እየገፋው በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጋልብ ይችላል። ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሲታይ ከመሃሉ በስተቀኝ ባለው በኩል ይህ ግስጋሴ በነፋሱ ላይ ይደመራል፤ መዘጋጃ ጊዜውም ያጥራል። ፕሮቪደንስ በ1966 የተጠናቀቀ የማዕበል መከላከያ አላት፤ ከሱ በስተደቡብ ላለው ሰፈር ግን ምንም አይፈይድም።

ስለዚህ ቤታችሁ በየትኛው የመልቀቂያ ዞን (አደጋ ሲመጣ ልቀቁ በሚባል ክልል) እንዳለ አሁኑኑ እዩ። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም፤ የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ዜናው ሲሰማ የሚገዛ ዘግይቷል። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። ቤዝመንት የተከራያችሁ የሃሪኬኑን የምድብ ቁጥር (የነፋሱን ኃይል ከ1 እስከ 5 የሚለካውን) አትጠብቁ፦ አይዳ የተባለችው ሃሪኬን በ2021 ኒውዮርክ ስትደርስ ሃሪኬን መሆኗ አብቅቶ ነበር፤ ያም ሆኖ ዝናቧ ሰዎችን ቤዝመንት ውስጥ ገድሏል። ውሃ መግባት ከጀመረ ዕቃ ማንሳቱን ትታችሁ ውጡ፤ በሩ ውጭ በተጠራቀመ ውሃ ከተገፋ አይከፈትም።