ከመሣሪያው ወደ ሎጉ፦ የወታደራዊ ሳይበር መከላከያ ጥናቴ የደረሰበት

ሰላም ለሁላችሁ። ጥናቱ የት ደረሰ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ የዚህ ዙር ማስታወሻዬ ይኸው (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያለፈው ዙር ስለ ፋየርዎል፣ ስለ ምስጠራና ኔትወርክን ከፋፍሎ ስለ ማጠር ነበር። በዚህኛው አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደው የሎግ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የተከናወነባቸውን የሚመዘግቡበት መዝገብ፣ ንባብ ነው። ያጠናኋቸው ወታደራዊ ጥቃቶች ወደዚያው እየገፉ አደረሱኝ።

ከሁሉም በላይ የቆየብኝ የአሜሪካ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በጥቅምት 2018 ስለ ጦር መሣሪያ ሥርዓቶች ያወጣው ሪፖርት ነው። ሥርዓቶቹን እንደ አጥቂ ሆነው የሞከሩት ፈታሾች የአንዱን ሥርዓት የአድሚን ፓስወርድ በ9 ሰከንድ ገምተው አግኝተውታል። ሰው ሁሉ የሚያነሳው ይህንን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን እዚያው ሪፖርት ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው። በአንድ ፍተሻ የጥቃት መጠቆሚያው ሥራውን በትክክል ሠርቶ የፈታሾቹን እንቅስቃሴ ለይቶ ነበር፤ ሆኖም ማስጠንቀቂያው ሁልጊዜ «ቀይ» ስለሚል ተጠቃሚዎቹ ለምደውት ቁብ አልሰጡትም። በሌላ ፍተሻ ደግሞ ሥርዓቱ በፈታሾቹ እጅ ሲቋረጥ ማንም ጥቃት ነው ብሎ አልጠረጠረም፤ በራሱ ጊዜ መዝጋቱ የተለመደ ነበርና። መሣሪያው ተገዝቷል፣ ተተክሏል፣ ሠርቷልም። የጎደለው ሰው ነው።

የ2008ቱም ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል። መካከለኛው ምሥራቅ በሚገኝ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ላፕቶፕ ላይ የተሰካ ፍላሽ ያስገባው ማልዌር (ጎጂ ሶፍትዌር)፣ ከኢንተርኔት ተለይቶ እስከሚሠራው ምስጢራዊ ኔትወርክ ድረስ ተዛምቷል። እዚያ ሆኖ ወደ ባለቤቱ ለመጣራት፣ ማለትም መልእክት ለመላክ፣ ሲሞክር ነው ተንታኞች የደረሱበት። በዚያው ዓመት ፍላሽ ታገደ፤ ክስተቱም በ2010 ሥራ ለጀመረው የአሜሪካ የሳይበር ዕዝ መቋቋም አንዱ ምክንያት ሆነ።

እኔም ልምምዴን ከዚያ «መጣራት» ጀመርኩ። ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች) ላይ አንድ የዊንዶውስ ሰርቨርና ጥቂት ተጠቃሚ ኮምፒውተሮች አቁሜ፣ ሎጋቸውን አንድ ቦታ ሰበሰብኩ። ከዚያ አንዱን ኮምፒውተር በየደቂቃው ወደ ውጭ ትንሽ መልእክት እንዲልክ አደረግሁት። መልእክቱን ብቻውን ስታዩት ምንም አይመስልም፤ ተራ የድረ ገጽ ግንኙነት ነው። ግንኙነቶቹን በመድረሻ አድራሻ ለይታችሁ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ ስታሰሉ ግን ጉዳዩ ይገለጣል። ሰው ኢንተርኔት ሲጠቀም ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይረሳል፤ ማሽን ግን ይቆጥራል። ብልህ አጥቂ ሰዓቱን ያዛባል፤ ያኔ ደግሞ የመልእክቱን መጠን ማየት ነው፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ልምምድ የፓስወርድ ሙከራ ነበር። ዊንዶውስ ያልተሳካ መግቢያን በቁጥር 4625፣ የተሳካውን በ4624 ይመዘግባል። አጥቂው አንድ አካውንት ላይ ደጋግሞ ቢሞክር አካውንቱ ይቆለፍና ይታወቅበታል። ስለዚህ አንድ የተለመደ ፓስወርድ ይዞ ሁሉም አካውንት ላይ አንድ አንድ ጊዜ ይሞክራል። በአካውንት ካያችሁት እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ተሳስቷል፣ በቃ። ሎጉን በምንጭ አድራሻ ስታሰባስቡት ያ ሁሉ 4625 ከአንድ ቦታ እንደመጣ ይታያል። ከመካከሉ ብቅ የምትል አንዲት 4624 ካለች፣ ሰውዬው ገብቷል ማለት ነው። ይህችን መስመር ፈልጎ ማግኘት ከማውቃቸው ልምምዶች ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ ነው፤ ሞክሩት።

ወታደራዊ ኔትወርክ ይህን ሥራ ያከብደዋል። መሣሪያዎቹ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላሉ፤ ግዳጅ ላይ ያለን ሥርዓት አቁሞ ማዘመን ቀላል አይደለም፤ ከግንባር በሬዲዮና በሳተላይት የሚመጣ ሎግም ይዘገያል ወይም ይቆራረጣል። የሳተላይት ነገር ከተነሳ፣ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ዕለት፣ የካቲት 24 ቀን 2022፣ የቪያሳት ኩባንያ ኬኤ-ሳት የሳተላይት ኢንተርኔት ኔትወርክ ላይ የደረሰውን አጥኑት። ሳተላይቱን የነካው የለም። አጥቂዎቹ በአግባቡ ባልተዋቀረ ቪፒኤን (ከርቀት ወደ ውስጥ ኔትወርክ መግቢያ) በኩል ወደ ማስተዳደሪያው ኔትወርክ ገብተው፣ በሥርዓቱ በራሱ ትእዛዞች ደንበኞችን ከሳተላይቱ ጋር የሚያገናኙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞደሞችን ሜሞሪ አበላሹ። ጉዳቱ ጀርመን ድረስ ዘልቆ 5,800 ያህል የነፋስ ተርባይኖች ከርቀት መቆጣጠሪያቸው ተለይተዋል። ትእዛዙ ሕጋዊ መልክ ሲኖረው የሚያድናችሁ «ይህ ትእዛዝ በዚህ ሰዓት፣ ለዚህን ያህል ሞደም ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አሠራር ነው። ውስጥ ስለገባ ብቻ ማንንም አለማመን፣ ማለትም ዜሮ ትረስት የሚባለው ሐሳብ፣ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ሰው ኃይል የራሴን አቋም ልናገር። ጀርመን በ2017 ራሱን የቻለ የሳይበር ዕዝ አቋቁማለች፤ ሲንጋፖር በ2022 የዲጂታልና የመረጃ አገልግሎቷን አራተኛው የጦር ክፍል አድርጋለች። መዋቅሩ ጥሩ ነው። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የኤስቶኒያ መንገድ ነው፤ በሥራ ላይ ያሉ የሲቪል ባለሙያዎች በበጎ ፈቃድ የመከላከያ ሊጉ የሳይበር ክፍል ውስጥ ያገለግላሉ። ከ2010 ጀምሮ የሚካሄደው ሎክድ ሺልድስ የተባለው የሳይበር መከላከያ ልምምድም የሚመራው ከኤስቶኒያ ዋና ከተማ ከታሊን ነው፤ ከቴክኒክ ቡድኑ ጎን የሕግና የሕዝብ ግንኙነት ሰዎችም ይፈተኑበታል። ወታደር ከቦታ ቦታ ይዛወራል፤ የአንድን ኔትወርክ ጤናማ ጠባይ ለማወቅ ግን ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። ያወቀው ሰው ሲሄድ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሺህ ማስጠንቀቂያ አሥሩን ለይቶ ቢያቀርብ ደስ ይለኛል፤ ለዚያ ኔትወርክ «ጤናማ» ምን እንደሆነ የሚያስተምረው ግን ያው እዚያ የቆየው ባለሙያ ነው።

ቀጣዩ ዙር ሚል-ስታንዳርድ-1553 ነው፤ በ1973 ወጥቶ እስከ ዛሬ በጦር አውሮፕላኖች ውስጥ የሚሠራ የመረጃ መስመር። አንድ ተቆጣጣሪ ከመስመሩ ጋር የተያያዙ እስከ 31 ተርሚናሎችን (መሣሪያዎችን) ያዛል፤ ትእዛዙ በእርግጥ ከተቆጣጣሪው መምጣቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ ግን የለውም። የመልእክቶቹን የጊዜ ቅደም ተከተል ተከትሎ ባዕድ ትእዛዝን መለየት ይቻል እንደሆነ በሲሙሌተር እሞክራለሁ። በዚህ ላይ የሠራችሁ ወይም አብራችሁኝ መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ የሎግ ናሙናዎቼንም እልክላችኋለሁ።