ጨው ያንሰዋል

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2018 የጤናና የሰላም ዓመት ይሁንላችሁ።

ይህን የምጽፈው በዋዜማው ምሽት ነው። ቄጤማው በረንዳ ላይ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል፤ ሽንኩርቱ ቁሌቱን ጨርሶ በርበሬውን ጠጥቷል፤ ዶሮዋ ተለብልባ ሳህን ላይ ትጠብቀኛለች። በዚህ ቤት ብልት ማውጣት የአማቴ፣ የእማማ ሥራ ነበር። ካገባሁ 22 ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የእኔ ድርሻ ውኃ ማፍሰስና ሎሚ መቁረጥ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ቢላዋው እኔ እጅ ገብቷል። 12ቱ ብልት 14 ሆኖ ብታገኙት እንዳትታዘቡኝ።

እማማ በሰኔ ተለዩን። ብዙዎቻችሁ ድንኳናችን ድረስ መጥታችሁ አብራችሁን አልቅሳችኋል፤ ስለዚህ እርሱን ደግሜ አልተርክም። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ከኋላዬ ከተቀመጡ ሁለት ሴቶች የሰማሁት ወሬ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። አንደኛዋ፣ «እናታቸውን ጥለው ባሕር ዳር ሲዝናኑ የከረሙት እነዚህ ናቸው» አለች። ሁለተኛዋ፣ «ባሕር ዳርማ ምን አላት፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ናት» ብላ ተከላከለችልኝ። «ከተማዋን አላልሁም! የእውነቱን ባሕር ዳር፣ ዛንዚባርን ነው የምልሽ!» በለቅሶው መሐል ሳቄ መጣ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ጫንሁ። ማታ ግን አልቅሼበታለሁ። ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መግባት ደግ አይደለምና የሆነውን ልንገራችሁ።

የላኩን እርሳቸው ናቸው። ባለፈው የገና ማግስት ቡና እየጠጣን ሳለ ባለቤቴንና እኔን ተራ በተራ አዩንና፣ «ለመሆኑ እናንተ ሁለታችሁ ብቻችሁን የት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ። ባለቤቴ አስቦ አስቦ፣ «ደብረ ዘይት» አለ። «እርሱማ ለለቅሶ ነው!» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና የእቁባቸውን ገንዘብ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጡት። የአንድ ትኬት ግማሽ አይሞላም ነበር። ግን እናት ቋጠሮዋን ፈትታ ሂድ ስትል የሚከራከር ልጅ የለም። የጎደለውን ከብድርና ቁጠባ ማኅበራችን ወስደን ጥር 6 ቀን ተነሣን።

ጃምቢያኒ ከዛንዚባር ደሴት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ያረፍንበትን ቤት ሆቴል ብለው የሆቴሎችን ስም ማጥፋት ይሆንብኛል፤ ግድግዳው የኮራል ድንጋይ፣ ጣራው ማኩቲ የሚሉት የኮኮናት ዝንጣፊ ነው። አጎበራችን ሦስት ቦታ ተጥፏል። አሸዋው እስከ አልጋችን ተከትሎን ይገባል፤ ዶሮዎች በበሩ ሥር ያልፋሉ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ማታ ጫማውን አውልቆ ከአልጋው ሥር ከተተ፤ እስከምንመለስ ድረስ አላወጣውም። በ22 ዓመት ውስጥ ያለ ካልሲ ያየሁት ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የቤቱ እመቤት ማታ ላይ «ቁርስ በሳአ ሞጃ» አለችን። ሳአ ሞጃ አንድ ሰዓት ማለት ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። አብረውን ያደሩት ፈረንጆች ስድስት ሲደምሩና ስድስት ሲቀንሱ እኛ ሰዓታችንን ሳንነካ ቁርስ ላይ ቀድመን ተገኘን። ሰዓቱ «ሳአ»፣ ሰባቱ «ሳባ»፣ ሒሳቡ «ሔሳቡ» ነው። ባለቤቴ በሁለተኛው ቀን ስዋሂሊ እችላለሁ ማለት ጀመረ።

ባሕሩን በተመለከተ ግን ጉድ ሆንን። በነጋታው ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ፎጣችንን ትከሻችን ላይ ጥለን ብንወጣ ባሕሩ የለም። የለም ስላችሁ የለም። ነጭ አሸዋ፣ የተረሳ የመሰለ ውኃ እዚህም እዚያም፣ ንጋላዋ የሚሏቸው ባለ ክንፍ ጀልባዎች በጎናቸው ተኝተው፤ ማዕበሉ እሩቅ ኮራሉ ላይ እንደ ነጭ ክር ይታያል። ባለቤቴ ወገቡን ይዞ ቆመና፣ «አየሽ? የኢትዮጵያ ሰው ሲያይ ይሸሻል» አለ።

ለካስ ባሕሩ ሲሸሽ ነው የመንደሩ ሴቶች ሥራ የሚገቡት። ሙዋኒ የሚሉትን የባሕር አረም ያለማሉ፤ በሁለት ችካል መካከል ገመድ ይወጥሩና ቁራጭ ቁራጩን እንደ ችግኝ በተርታ ያስሩበታል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ይለቅሙታል፣ ያደርቁታል፣ ወደ ውጭ ይላካል። ከእርሱ የሚወጣው ማወፈሪያ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ይገባል። አንዲት እናት እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ ቋጠሮውን አሳየችኝ፤ እኔ አንዱን ስታገል እርሷ ስምንት አሰረች። ውኃው እየሞቀ ሲሄድ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ይሞትብናል አለችኝ። ጣቶቿ ጨው በልቷቸው እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥርሴን በቦረሽሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። ፑዌዛ የሚባለውን ባለ ስምንት እጅ ፍጥረት በኮኮናት ወተት ሠርተው አቀረቡልን። ባለቤቴ ቅርፊትና ክንፍ ፈለገበት፤ ሲያጣ ሳህኑን በትሕትና ወደ እኔ ገፋው። እኔ ምን እንዳደረግሁ ለንስሐ አባቴ ብቻ እናገራለሁ።

ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ በር ላይ ተቀምጠን እናወራ ነበር። በቤታችን ስንነጋገር ሁልጊዜ ስለ ልጆቹ ክፍያ፣ ስለ ውኃ ተራ፣ ስለ ታንከሩ ነው። እዚያ ግን በሦስተኛው ማታ ስለ አባቱ ነገረኝ። አባቱ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ይህን አውቃለሁ። እርሱም ምጽዋ መወለዱን አውቃለሁ። በ1970 ከተማዋ ስትከበብ እማማ እርሱን በአራት ዓመቱ አዝለው መውጣታቸውን ግን ከአንደበቱ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናቱ ጀርባ ጨው ጨው ይል ነበር።

እማማ ሲሸኙን ያዘዙን አንድ ነገር ነበር። «ልብስ አልፈልግ፣ ሽቶ አልፈልግ፤ አንድ ጠርሙስ የባሕር ውኃ አምጡልኝ።» ከምጽዋ ከወጡ 47 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ባሕሩ የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። እንዲህ እየተንሸራሸረ ጥር 11 ጠዋት በእኛው አንድ ሰዓት ላይ በራችን ድረስ ሞልቶ ጠበቀን። ታቦት የለም፣ እልልታ የለም፤ ከመስጊዱ የሚመለሱ ሽማግሌዎች ብቻ በእጃቸው ሰላም አሉን። ባለቤቴ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፣ ሦስት ጊዜ ራሱን ነከረ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ዘቅዝቆ ሞላው። ክዳኑን ሲያጠብቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ ነው አልሁ፤ የጃምቢያኒ ውኃ በጥር ለብ ያለ ነው።

ስንመለስ እማማ ጠርሙሱን ተቀበሉ፣ ለብርሃን ያዙት፣ ከፍተው አሸተቱት። ከዚያ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ሐኪሙ ለግፊታቸው ሲል ጨው ከከለከላቸው ስድስት ዓመት ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በእኔ ወጥ ላይ አንድ ፍርድ ነው ያላቸው። ያንኑ ፈረዱ። «ጨው ያንሰዋል» አሉ። «የምጽዋ አይደለም።»

ባለቤቴ ተናዶ በስልኩ ፈለገ። እውነታቸውን ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ውኃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ሲይዝ ቀይ ባሕር ከዚያ በላይ ነው፤ እስከ 40 ይደርሳል። ፀሐዩ ይመጠዋል፣ ዝናቡ ኢምንት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝም የለም። የ79 ዓመት ምላስ ከ47 ዓመት በኋላ ልዩነቱን ለየ። ጠርሙሱን ግን አልመለሱልንም፤ ከራስጌያቸው አኖሩት።

ግንቦት ላይ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን ልጨርስ። እኛ በሌለንበት ሳምንት እማማ ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈሽ ያደርሽው የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ ድስትሽ አሁንም እኔ ጋር ነው፤ ነገ ልጅሽን ስደጂልኝ፣ ባዶውን አልመልሰውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሆስፒታል አድርሰኸን ሒሳብ አልቀበልም ያልኸው ባለ ታክሲ ወንድሜ፣ ስምህን እንኳ አልጠየቅሁህም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ፣ አንቺ ደግሞ ለብቻሽ። ከዛንዚባር ያመጣሁት ካንጋ ጥንድ ነበር፤ እዚያ ጨርቁ ሁለት ሆኖ ይሸጥና ገዢው ከመሐል ይቆርጠዋል። አንዱን እኔ፣ ሌላውን እማማ ወሰድን። የእርሳቸውን ሆስፒታል ለብሰውት ነበር። በመጨረሻው ቀን ማንም አላሰበውም። አንቺ ግን አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ በአራት አጣጥፈሽ በሳምንቱ በር ድረስ አመጣሽልን። ጠርዙ ላይ የተጻፈውን ምን ማለት ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ መናገር ስላልቻልሁ ዝም አልሁሽ። «ጥቂት በጥቂት ቁናውን ይሞላል» ማለት ነው።

በድንኳኑ ከኋላዬ ለተቀመጣችሁትም መልካም አዲስ ዓመት። እናቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ምን ላምጣልሽ ብላችሁ ጠይቋቸው።

ዘንድሮ ዕንቁጣጣሽ ሐሙስ ነው፤ ጾም የለም፣ ሰበብ የለም፤ የቀረበ ሁሉ ይምጣ። አሁን ግን ልነሣ ነው። ባለቤቴ ከኩሽና እየተጣራ ነው፤ ፈረሰኛው ከየት እንደሚጀመር ታውቂያለሽ ወይ ይለኛል። እኔ እርሱን ልጠይቀው ነበር ያሰብሁት።